ለሽፈራው ያየኋቸው ጣቢያዎች

ሐሙስ፣ ንጋት፤ ኮልፌ

ከቤት ስወጣ ሰማዩ ገና አልተገለጠም። ወንድሜ ሽፈራው እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ። ከዚያ አላለፈም። ቀን ቀን ከአጥር ውጭ አይታይም፤ ጎህ ሲቀድም እንኳ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚቆመው።

"በየጣቢያው አንድ ነገር ብቻ፣ እትዬ" አለኝ። "ብዙ ካየሽ ይምታታብሻል።"

"አይምታታብኝም።"

"አቃቂ?"

"የውሃው ታንከር በየት በኩል እንደሆነ።"

"ሞጆስ?"

"ሽፈራው፣ ባቡሩ ጥሎኝ ይሄዳል።"

ሳቀና በሩን ዘጋው። የመቀርቀሪያውን ድምፅ ሰምቼ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።

ነገሩን ለአንባቢ ማስረዳት ይኖርብኛል። ዘመኑ የንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምር ነበር። ሽፈራው ታናሼ ነው። በወጣትነቱ ድሬዳዋ፣ ባቡር በሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ቆርቆሮ ሠሪ ሆኖ ሠርቷል። የሥጋ ደዌ ምልክት ሲታይበት ማንም ሳያውቅበት ሥራውን ትቶ እኔ ዘንድ መጣ። መድኃኒቱ በሽታውን አቁሞለታል፤ የሄደውን ግን አልመለሰለትም። የግራ እጁ ጣቶች ጉማጅ ሆነዋል። ከቀኙ የሚሠሩለት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ናቸው። በነዚህ በሁለቱ ነው ጓዳችንን በሙሉ የባቡር መንገድ ያደረገው።

ሐዲዱ ከጓዳው በር ተነሥቶ በጣውላ ላይ ሦስቱን ግድግዳ ይዞራል። በሩ ጋ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ መጨረሻው፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ድሬዳዋ። ሐዲዱን ያበጀው የዕቃ ሣጥን ከሚታሰርበት ስስ ብረት ነው። ፉርጎዎቹ የሰርዲን ቆርቆሮ ናቸው። ሞተሩ የደወል ሰዓት ሞላ ነው፤ አንዴ ሲጠመዘዝ እስከ ናዝሬት ያደርሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጠመዘዛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የየጣቢያውን ስም በትኬት ቆራጭ ድምፅ ይጣራል፤ በየጣቢያው የሚሸጠውንም ይበላል። ደብረ ዘይት ላይ ቆሎ፣ መተሐራ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ኤረር ላይ ብርቱካን። ኤረር ላይ ብርቱካኑ ተልጦ እስኪያልቅ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። ጠረጴዛ ላጽዳ ብዬ ከገባሁ "ተሳፋሪ አለ፣ ቀስ በይ" ይለኛል። ከዚህ ሌላ ደስታ አላየሁበትም።

ያልተሠራው የድሬዳዋ ጣቢያ ብቻ ነበር። የሠራቸውንም ቢሆን ከትዝታ ስለሠራቸው ልክ ይሁኑ አይሁኑ አያውቅም። ራሱ ሄዶ እንዳያይ፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ ተሳፋሪዎች ፊቱን ሲያዩ ከአጠገቡ እየተነሡ ቆሙ፤ አቃቂ ላይ ወርዶ በእግሩ ተመለሰ። ስለዚህ እኔ ልሄድለት ሆነ።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። ጣቶቹ ትኩሱንና ቀዝቃዛውን አይለዩም፣ ሕመምም አያውቁም። ቆርቆሮውን በቀለጠ ስታኞ የሚበይድበትን ብረት ከፍም አውጥቶ በተሳሳተ በኩል ቢይዘው እጁ አይነግረውም። ቀድሞ የሚነግረው አፍንጫው ነው። ስለዚህ ማታ ማታ መስኮቱ ሥር አስቀምጬ እጁን ጣት በጣት አያለሁ። "በግ እንደሚገዛ ሰው ታገላብጪኛለሽ" ይለኛል። ያየሁትን እነግረዋለሁ። ውሃ የቋጠረ ካለ አለ፣ የተላጠ ካለ አለ። አሳንሼም አጋንኜም ነግሬው አላውቅም፤ እሱም የሚያምነኝ ለዚህ ነው። የዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሐኪም ቁርጡን ነግሮናል። በቀኝ እጁ ላይ አንድ ቁስል ቢያመረቅዝ ሁለቱን ጣቶች ማትረፍ አይቻልም።

በምጓዝበት ሦስት ቀን እጁን የምታይለት ጎረቤታችን ማርታ ነበረች። ማርታ ጴንጤ ናት። በዚያ ጊዜ የሰፈሩ ሰው እሷንም እኛንም እኩል ይሸሽ ስለነበር ቶሎ ተግባብተናል። እሱን መንካት አትፈራም። "ማታ ማታ ብቅ እላለሁ፤ አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ" አለችኝ። ሽፈራውም እስክመለስ መበየጃውን ላይነካ ቃል ገባልኝ።

ረፋድ፤ ከለገሃር እስከ ናዝሬት

እስከ ፌርማታው በጋሪ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ለገሃር ደረስኩ። ሦስተኛ ማዕረግ ወንበሩ እንጨት ነው። ዶሮ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የበርበሬ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ የተኛ ሕፃን። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ በላይነሽ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። በርበሬ ወስደው ጨርቅ ያመጣሉ። ባቡሩ ከመነሣቱ የስንቅ አገልግላቸውን ፈትተዋል።

አቃቂ ላይ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ታንከሩ ከጣቢያው ቤት በስተቀኝ ነው። ዱከም ላይም ወጣሁ። ደብረ ዘይት ላይ ስወጣ ወይዘሮ በላይነሽ ቀሚሴን ያዙኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ጠፍቶብሻል እንዴ?"

"የለም። ጣቢያውን እያየሁ ነው።"

"ጣቢያው ምን አለው?"

"ጣራው ቀይ ነው ወይስ ግራጫ ብሎ ሰው ጠይቆኝ ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ቀይ ነበር፤ ለቋል።"

ወይዘሮ በላይነሽ ራሳቸው ዞረው ጣራውን አዩ። "እኔ እዚህ መንገድ ላይ አርጅቼ ጣራ እንዳለው ዛሬ አየሁ" አሉና ጉርሻ አቀበሉኝ።

ሞጆ ላይ ሽፈራው የጠየቀኝ አጥሩ የሐዲድ ቁራጭ ነው ወይስ እንጨት የሚለውን ነበር። የሐዲድ ቁራጭ ነው። ናዝሬት ባቡሩ ብዙ ቆመ። ፓፓያ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከነጨው በወረቀት። ሙዝ በስሙኒ ገዛሁ። ሙቀቱ ከዚህ ጀምሮ ይለወጣል፤ ሰዉ ነጠላውን ያወርዳል፣ ወንዶቹ ጫማቸውን ያወልቃሉ።

ቀትር፤ ከመተሐራ እስከ አፍደም

ከወለንጪቲ ወዲያ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ነው። መተሐራን ስናልፍ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ የሞቱ ከብቶች አየሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ኋላ በየቦታው። ቆዳቸው ደርቆ አጥንታቸው ላይ ተጣብቋል። ዝናብ የጠፋበት ዓመት መሆኑን አዲስ አበባ ሆነን እንሰማ ነበር፤ በጋዜጣ ግን ብዙ አይጻፍም።

አዋሽ ጣቢያ የጣቢያው ቡፌ በአበባ የተከበበ ነው። አንደኛ ማዕረግ የተሳፈሩት ወርደው በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ምሳ ይበላሉ። እኛ ከቧንቧው ውሃ ቀዳን። ከጣቢያው ወዲያ ድልድዩ ይመጣል። ትኬት ቆራጩን፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ የገፋ ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ጠየቅሁት።

"ጌታዬ፣ ድልድዩ ላይ ባቡሩ ዝግ ይላል?"

"ፈሩ እንዴ እመቤት?"

"አልፈራሁም። ማወቅ ፈልጌ ነው።"

"ዝግ ይላል። ካልፈሩ ለምን ያውቃሉ?"

"ወንድሜ እንደዚህ ያለ ባቡር አለው። ድልድዩ ላይ በፍጥነት ልሂድ ወይስ ዝግ ልበል ብሎ ነው።"

ትኬት ቆራጩ አጠገባችን ያለውን ሰው አየና "ባቡር አለው አሉኝ?" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ወይዘሮ በላይነሽ "ከባለጸጋ ጋር ተቀምጬ ሽሮ አጎረስኳት" አሉ። ከዚያ የቆርቆሮ ባቡር መሆኑን፣ ጓዳ ውስጥ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ስለ እጁ አልተናገርኩም። ትኬት ቆራጩ እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እንግዲያው ገና ወደ ድልድዩ ሳይገባ ያቀዝቅዘው ይበሉት። እላዩ ላይ ሆኖ ፍሬን መያዝ አይሆንም" ብሎኝ ሄደ። ይህን ሽፈራው እንደሚወደው አውቄ ደስ አለኝ።

አፍደም ላይ ደስታው አልቆየም። ሽፈራው የጠየቀኝ ጣቢያው አጠገብ የነበረው ትልቅ ዛፍ ዛሬም አለ ወይ የሚል ነበር። አለ። ከሥሩ ሰው ተኝቷል። የተኙት ሁሉ ሕይወት ያላቸው አልመሰለኝም። መነሣት የቻሉት ወደ ባቡሩ መጥተው በመስኮቶቹ ሥር እጃቸውን ዘረጉ። የሚለምኑት ውሃ ነው። የሳልሳ ጣሳ፣ ቅል፣ ምንም የሌለው መዳፉን። ወይዘሮ በላይነሽ የያዙትን ውሃ በሙሉ ቀዱ፤ እኔም ሰጠሁ። አንዲት ሴት የተቀበለችውን ሳትጠጣ በነጠላዋ ጠርዝ ነክራ የልጇን ከንፈር ስታረጥብ ባቡሩ ተነሣ።

"አየሽ?" አሉኝ ወይዘሮ በላይነሽ።

"አየሁ።"

ኤረር ብርቱካኑ በቅርጫት ተደርድሯል። ማንም እንደ ሌላው ጊዜ አልተሻማም አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

ዓርብ፤ ድሬዳዋ

ማታ ስደርስ ጣቢያውን ለማየት ዓይኔ አላገዘኝም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ቤርጎ ይዤ አደርኩ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። የጋሪዎቹ ፈረሶች በዛፎቹ ጥላ ሥር ተሰልፈዋል። የወፍጮ ያህል የሚጮኽ ሬዲዮ፣ የሱማሌና የኦሮሞ ቋንቋ፣ የፉል ሽታ።

ድሬዳዋ ላይ እንድመለከት የታዘዝኩት ታዛውን ነው። ሰው ባቡር የሚጠብቅበት ታዛ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ነው ወይስ በምሰሶ የቆመ? ሽፈራው እንደተንጠለጠለ ነበር የሚያስታውሰው፤ ግን ተጠራጥሯል። በምሰሶ የቆመ ነው። ራቅ ብዬም፣ ቀርቤም አየሁት። አንዱን ምሰሶ በእጄ ነካሁት። ይህን ጊዜ ዘበኛው መጣ።

"ምን ፈልገው ነው እመቤት?"

"ታዛውን እያየሁ ነው።"

"ከጠዋት ጀምሮ?"

"አዎ።"

"የሚያይ ሰው ትኬት አለው፤ የሌለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። የተማሪ ወረቀት የሚበትኑ ሰዎች እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

"ልጄ፣ እኔ ወረቀት በትኜ በየት ሮጬ ላመልጥ ነው?"

ከጋራዡ የወጡ አንድ ሽማግሌ፣ ልብሳቸው ቅባት የጠጣ፣ ይህን ሰምተው ቆሙ። ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ሽፈራው ቆርቆሮ ሠሪው? ረጅሙ?"

"እሱ ነው።"

"ሞተ ተብሎ ሰምተን ነበር። ተዝካሩ መቼ ነው እንባባል ነበር።"

"አልሞተም። ኮልፌ ነው ያለው።"

"ምን ይሠራል?"

"ባቡር።"

"ለማን?"

"ለራሱ።"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ለምን እንደሄደ ሳያውቁ አልቀሩም፤ ግን አልጠየቁኝም። "እጁ ወርቅ ነበር። ሰላም በይልኝ" ብለው ዘበኛውን በክንዱ ይዘው ወሰዱልኝ።

ቅዳሜ፤ ወደ ኋላ

የመልሱ ጉዞ ባየሁት ላይ የጨመረው የለም። አፍደም ስንደርስ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር፤ ማን እንዲዘጉ እንዳዘዘ አላወቅኩም። የኛን ለመክፈት ሞከርኩ፣ ተጣብቋል። በመስታወቱ ከዛፉ ሥር ያለው ሰው ቁጥሩ ቀንሶ አየሁት። ወዴት እንደሄደ የሚነግረኝ አልነበረም።

በየጣቢያው ያየሁትን በልቤ እየደጋገምኩ መጣሁ። ለገሃር ስወርድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቅዳሜ ስለሆነ ሽፈራው መንገድ ላይ ነው፣ ኤረር ደርሷል ብዬ አሰብኩ።

ቤት ደርሼ የጓዳውን በር ስከፍት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ፍሙ ጠፍቶ አመድ ሆኗል። ሽፈራው ጋቢውን ተከናንቦ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ይንቀጠቀጣል።

"እንኳን ደህና መጣሽ። ጨርሼ ልጠብቅሽ ብዬ ነው" አለኝ።

ከፊቱ የድሬዳዋ ጣቢያ ቆሟል። መስኮቶቹ ተከፍተው ይዘጋሉ። ሰዓቱ ሳይቀር አለ። ታዛው ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ወጥቷል፤ ምሰሶ የለውም።

"እጅህን" አልኩት።

ግራውን አወጣ።

"ቀኙን፣ ሽፈራው።"

በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎታል። ስፈታው መጨረሻው ላይ ጨርቁ ተጣብቆ እምቢ አለኝ። በሞቀ ውሃ አራስኩት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ በውስጥ በኩል እስከ አጥንቱ ተቃጥለዋል። እብጠቱ የእጁን አንጓ አልፏል።

"መቼ ነው?"

"ሐሙስ ማታ። ታዛውን በግራዬ ደግፌ ስበይድ ብረቱን ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነበር። በጋለው በኩል ይዤው ኖሯል።"

ማርታ ድምፄን ሰምታ መጣች። እጁን ስታየው በሩ ላይ ቆመች።

"በየማታው መጥቻለሁ" አለች። "እትዬ ናት ጠቅልላ የሄደችው፣ እስክትመጣ እንዳይፈታ ብላለች አለኝ። አንቺ ያሰርሽውን እኔ ብፈታው ድፍረት መሰለኝ።"

"አውቃለሁ፣ ማርታ" አልኳት። ተንበርክካ ልትጸልይለት ስትል ሽፈራው "ጸልዪልኝ፣ ጣውላውን ብቻ እንዳትነኪው" አላት።

እሑድ ጠዋት፤ የዘነበወርቅ መንገድ

ሲነጋ ወጣን። አንድ ሰይቼንቶ ታክሲ እጄን አይቶ ቆመ፣ እሱን አይቶ ሄደ። ሌላም ሄደ። ስለዚህ በእግራችን ሆነ። ሽፈራው በትኩሳት አፉ ደርቋል፤ ክንዱን በነጠላዬ አንገቱ ላይ አንግቼለታለሁ። ሕመም የለውም። የሕመም አለመኖር ሁልጊዜ ያስጠላኛል።

"በይ እስቲ" አለኝ፣ የጅማን መንገድ ስንይዝ። "ከአቃቂ ጀምሪልኝ።"

"በኋላ።"

"በኋላ መቼ? አሁን ነው መንገድ ላይ ያለነው።"

ጀመርኩለት። ታንከሩ በስተቀኝ። ደብረ ዘይት ቀይ ጣራ፣ የለቀቀ። ሞጆ የሐዲድ ቁራጭ አጥር። በየመሐሉ "ልክ ነኝ" ወይም "ተሳስቻለሁ" ይላል። የትኬት ቆራጩን ነገር ስነግረው ቆመ።

"ገና ሳይገባ ያቀዝቅዘው አለ?"

"እላዩ ላይ ሆኖ ፍሬን መያዝ አይሆንም አለ።"

"እውነቱን ነው" አለና ራሱን እየነቀነቀ ትንሽ ሄደ። "አፍደምስ? ዛፉ አለ?"

"አለ። ከሥሩ በረሃብ የወደቀ ሰው አለ። ብዙ ነው።"

"የሞተም?"

"የሞተም ያለ ይመስለኛል።"

ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዱን ተሻግረውልን አለፉ። ሽማግሌው ሰላም እንዳሉት ነገርኩት። ተዝካሩን እንደጠበቁ ስነግረው ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ቀጥሎ የሚጠይቀውን አውቄዋለሁ።

"ታዛውስ? ልክ ሠርቼዋለሁ?"

"አልሠራኸውም። አንተ አንጠልጥለኸዋል፤ እዚያ በምሰሶ ነው የቆመው።"

"በደንብ አይተሻል?"

"ምሰሶውን በእጄ ነክቼዋለሁ።"

ይህን እያልን ሆስፒታሉ በር ደረስን።

ተረኛው ሐኪም ጨርቁን ፈትቶ ብዙ አላየውም። ጣቶቹን በመርፌ ነካ ነካ አደረገና "ይሰማዎታል?" አለው። "አይሰማኝም" አለ ሽፈራው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ሁለቱም ዛሬውኑ መቆረጥ እንዳለባቸው፣ ካልሆነ መርዙ ወደ ክንዱ እንደሚወጣ በዝግታ አስረዳኝ። ሽፈራው የተነገረውን ሁሉ ሰምቷል። ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ።

ድሬሰሩ ጋቢውን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና በክንዱ ይዞ ወሰደው። ኮሪደሩ መጨረሻ በሩ ጋ ሲደርሱ ሽፈራው ቆመ።

"እትዬ፣ ምሰሶዎቹ እንጨት ናቸው ብረት?"

"ብረት ናቸው። አረንጓዴ ተቀብተዋል።"

"አረንጓዴ" አለና ገባ።